ሊሳሳሙ ሲሉ መብራት ጠፋ

ታኅሣሥ 16 ማታ ነው። አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የካ አባዶ ድርግም አለ። አዲስ ነገር አይደለም። ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር ስልኬ ጮኸ። በኮንዶሚኒየም ሳይታችን ነዋሪዎች የውይይት መድረክ ላይ አዲስ ርዕስ ተከፍቷል።

የከፈተችው የብሎክ 31 ነዋሪ ናት። ነርስ ናት። ተረኛ ያልሆነችበትን ማታ ሶፋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ፊልም እያየች ነበር። ከዐረቦቹ ቻናሎች በአንዱ የመጣ፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ የፈረንጅ ገና የፍቅር ፊልም። ታሪኩን ዘርዝራ ጽፋዋለች። ከትልቅ ከተማ የመጣች የቢሮ ሴት አለች። መሥሪያ ቤቷ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የገና ዛፍ እርሻ እንድትገዛ ልኳታል። ባለ እርሻው ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ሴት ልጅ የሚያሳድግ፣ ሹራብ የሚያምርበት ሰው ነው። መጀመሪያ ይጣላሉ። ከዚያ አብረው ብስኩት ይጋግራሉ። ከዚያ ይኳረፋሉ። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ከመንገድ ተመለሰች። ትልቁ ዛፍ ሥር ቆሙ። ተያዩ። ተጠጋጉ። መብራት ጠፋ።

ጥያቄዋ አንድ ነው። ተሳሳሙ ወይስ አልተሳሳሙም? ያየ ሰው ካለ ቶሎ እንዲነግራት፣ አለበለዚያ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ጨምራለች።

61 መልስ መጣ። ቃል በቃል እዚህ መገልበጥ አልፈለግኩም። ጎረቤታሞች ነን፤ ነገ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሰዎቹንም በብሎክ ቁጥራቸው ልጥራቸው።

መልስ ቁጥር 1 ስለ ፊልሙ አይደለም። ከነርሷ በላይ ያሉት ሰውዬ መብራቱ የጠፋው ሁሉም ጋ ነው ወይስ የእሳቸው ቆጣሪ ብቻ ወድቆ ነው ብለው ጠየቁ። ቁጥር 2 ሁሉም ጋ መሆኑን ነገራቸው። በረንዳው ላይ ቆሞ እስከ ለገጣፎ ድረስ ጨለማ እንደሚታየው ጽፏል።

ቁጥር 3 የብሎክ 7 ወጣት ነው። ዲግሪውን ይዞ ሥራ እየፈለገ ነው። መጨረሻውን አንድ በአንድ ተረከላት። ይሳሳማሉ። ልክ ሲሳሳሙ በረዶ መውረድ ይጀምራል። ልጅቷ በመስኮት አይታ ትስቃለች። ውሻው ደግሞ አንገቱ ላይ ቀይ ስካርፍ ታስሮለት ከመሀላቸው ይገባል። ነርሷ አምስት የልብ ምልክት ላከችለት።

ቁጥር 4 ጠርጣራ ነች። ይኼን ፊልም በእርግጥ አይተኸዋል ወይ ብላ ያዘችው። ቁጥር 5 ላይ ልጁ ሳያፍር አመነ። አላየውም። ማየትም አያስፈልገውም። ከኅዳር ወዲህ አሥራ አንድ እንዲህ ዓይነት ፊልም አይቷል፤ አሥሩ ያለቁት እንደዚያ ነው። አሥራ አንደኛውም ላይ መብራት ጠፍቶበት ነው።

እኔም ልናገር፤ አያለሁ። ባለቤቴ ስትገባ ወደ ዜና እቀይራለሁ።

ቁጥር 6 የብሎክ 12 ጡረተኛ መምህራችን ናቸው። እሳቸው ሲጽፉ ከሰላምታ ይጀምራሉ። የሁላችንንም ጤንነት ጠይቀው፣ ለነርሷ ልጄ ብለው፣ ወደ ነገሩ ገቡ። መሳሳሙንና በረዶውን ይቀበላሉ። ውሻው ግን ከሌለበት ተጎትቶ የገባ ነው፤ የ7ቱ ልጅ ሌላ ፊልም ቀላቅሎባት ነው ባይ ናቸው። በአንድ ማኪያቶ እንወራረድ አሉ። ጾም ስለሆነ ክፍያው ከገና በኋላ ይሁን ብለው ቀኑን ሳይቀር ቆረጡ። ቁጥር 7 ላይ ነርሷ ውሻ መኖሩን፣ እስከዚያ ሰዓት ግን ምንም አለመልበሱን መሰከረች። ውርርዱ ጸና።

ቁጥር 8 ረጅም ነው። የጻፈው የብሎክ 22 የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ይህ ሰው ስለነዚህ ፊልሞች የማያውቀው የለም። የስልቱ አባት ሆልማርክ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እንደሆነ ነገረን። ሥራውን የጀመረው በካርድ ነው። ጆይስ ሆል የሚባል ወጣት፣ ስሙ የሴት ይምሰል እንጂ ወንድ ነው፣ በፈረንጆቹ 1910 ካንሳስ ሲቲ ገብቶ ፖስት ካርድ መሸጥ ጀመረ። ቻናሉ በዚህ ስሙ የተከፈተው በ2001 ነው። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ከፈረንጅ ገና በፊት ያሉትን ሳምንታት በሙሉ ለገና ፊልም ሰጠ። በአንዳንድ ዓመታት በአንድ ወቅት ብቻ ወደ 40 አዲስ ፊልም አውጥቷል።

ከዚያ ወደ አሠራሩ ገባ። አንዱ ፊልም ተቀርጾ የሚያልቀው በአሥራ አምስት ቀን ገደማ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ይምሰሉ እንጂ የሚቀረጹት ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። እዚያ የፊልም ሥራ የግብር ቅናሽ አለው። ለገና እንዲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው በበጋቸው፣ በሐምሌ ነው። ተዋናዮቹ በዚያ ሙቀት ካፖርትና ሹራብ ደርበው ያልባቸዋል። በረዶው ከወረቀት ብናኝ፣ ከአረፋ ወይም ከተፈጨ በረዶ ነው። ራቅ ያለው ሣር ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ላለማመን የፈለገ አፋቸውን ይይ አለ። ብርድ ብርድ ይላሉ እንጂ ከአፋቸው እንፋሎት አይወጣም።

ስሌትም ሠርቶላታል። ፊልሙ ለማስታወቂያ እንዲመች ዘጠኝ ቦታ ይቆራረጣል። ስምንተኛው ላይ ይኳረፋሉ፤ ዘጠነኛው ላይ ይታረቃሉ። መሳሳሙ ከመጨረሻው ደቂቃ አያልፍም፣ ቀድሞም አይመጣም። ከዚያ በፊት ሊሳሳሙ ሲሉ ስልክ ይጮኻል፣ ወይ ልጅ ይገባል፣ ወይ የሚጋገረው ያራል። ስለዚህ ነርሷ ያመለጣት ሦስት ደቂቃ ብትሆን ነው።

ቁጥር 9 ከብሎክ 4 ናት። በረዶው ወረቀት መሆኑን በመስማቷ ልቧ ተሰብሯል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሌሊት አይነገርም ብላ ቪዲዮ አንሺውን ወቀሰችው። እንፋሎቱን በተመለከተ ግን ሐሳብ አላት። በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሀይገር ሰልፍ ይዘን ስንቆም ከሁላችንም አፍ እንፋሎት ይወጣል። ጋቢ ለብሰናል፣ አፍንጫችን ቀልቷል። ከእነሱ ይልቅ እኛ ነን የገና ፊልም የምንመስለው።

ቁጥር 10 ያሳቀኝ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በአማርኛ ሁለቱንም በረዶ ነው የምንለው፤ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም። እሱ በልጅነቱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። ገብስ የሚያወድመውን፣ በግ የሚያስጮኸውን። የመጀመሪያ ቀን በቴሌቪዥን በረዶ ወረደ ተብሎ ሁለት ፍቅረኞች ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ሲስቁ አየ። እነዚህ ሰዎች አብደዋል፣ ዐይናቸው ሊጠፋ ነው ብሎ እናቱን ጠራ።

ቁጥር 11 የቀድሞ ወታደር ናቸው። እንደ ጥጡ ዓይነት እዚህም አለ፤ ራስ ደጀን ላይ በዐይኔ አይቻለሁ ብለዋል። ቁጥር 12 ፎቶ አምጡ አላቸው። እኒያን የሚያክሉ ሰው እንዲህ አይባሉም። መልስም አልሰጡትም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንዴ ጥጡ ጣል እንደሚያደርግበት የታወቀ ነው።

ቁጥር 13 ላይ ነገር ከረር ማለት ጀመረ። እርግጥ የጻፈችው ሴት ለቀልድ ነው የጻፈችው። ችግሯ ከመሳሳሙ አይደለም፤ ከብስኩቱ ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾም 32ኛ ቀኑን ይዟል፤ እነሱ ግን በየደቂቃው እንቁላል ይሰብራሉ፣ ቅቤ ይደፋሉ። ሽሮ በልቶ ያንን ማየት ራሱ ሌላ ጾም ነው አለች። ቁጥር 14 ቀልዱን አልወደደም። የብሎክ 3 ወጣት ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል። በጾም ቁጭ ብሎ የፈረንጅ ገና ማየትን ምን አመጣው አለ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ቀይ የለበሰው ሽማግሌም፣ በብልጭልጭ የታሰረው ጽድም የእኛ አይደለም። ቁጥር 15 ለራሱ ቤት ሄዶ እንዲጾም ነገረው። አነጋገሩ አያምርም ነበር።

ቁጥር 16 ላይ መምህሩ ተመለሱ። ልጁን ሳያስቀይሙ አረሙት። ገናን ያሳሰበን ፍቅሩ ደግ ነው አሉት፤ ቀኑ ግን የቀመር ነገር ነው። የእኛ ገና በድሮው የዩልዮስ ቀመር ዲሴምበር 25 ላይ ነው የሚውለው። ፈረንጆቹ ቀመራቸውን ስላረሙ ዛሬ 13 ቀን ተራርቀናል። ሁልጊዜ 29 እንዳልሆነም አስታወሱት። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። የ3ቱ ልጅ ይኼን እንደሚያውቅ፣ ዘንድሮን ማለቱ እንደሆነ መለሰ። ቁጥር 17 ነው ያ።

ቁጥር 18 በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብሎ ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ። ተረቱ ሌላ በር ከፈተ። ቁጥር 19 ከብሎክ 40 ናቸው። ድሮ ገና ሲደርስ የሚጫወቱትን አነሡ። ከቁጥቋጦ ቆልመም ያለ ዱላ ተቆርጦ፣ ሩር የሚባለው የእንጨት ኳስ ተጠርቦ፣ መንደር ከመንደር። እግር ይሰበር ነበር፤ ጌታና ሎሌ እኩል ይገፋፋ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የት ይጫወቱት? በብሎክና በብሎክ መሀል መኪና ቆሟል። ይህ ሁሉ ሳይሠራ በፊት እዚህ የት ይሆን የሚጫወቱት ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ለወግ ያህል ነበር። መልስ አገኘ።

ቁጥር 20 የጻፈው ከጥበቃዎቻችን የአንዱ ልጅ ነው። መድረኩ ላይ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። የሚጫወቱት አሁን ብሎክ 29 እስከ 33 የቆሙበት ላይ እንደነበር ነገራቸው። ቦታው የአባቱ እርሻ ነበር። ጤፍና ስንዴ ይዘሩበታል። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ሲነሣ ሜዳው ለልጆች ይለቀቃል፤ ቃርሚያው ላይ ጀንበር እስክትጠልቅ ሩር ይመታሉ። እሱ ትንሽ ስለነበር ሩሩ ሲርቅ ሮጦ የሚያመጣ ነበር። አባቱ አሁንም ሌሊት እዚያው ቦታ ላይ ናቸው፤ ባትሪና ዱላ ይዘው። ከዚያ ነርሷን አንድ ነገር ጠየቃት። ሴትዮዋ እርሻውን ገዛችው?

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከእሱ በፊት ሃያ መልስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ስለ ውሻው ተወራርደናል። ስለ እንፋሎቱ ተከራክረናል። እርሻው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ማንም አልጻፈም። በዚህ መድረክ ላይ ይኼ ብዙ ነው።

ቁጥር 21 ከብሎክ 16 መጣ። ሰው ሊዝናና ባወራበት ሌላ ነገር አይግባበት አለ። ቁጥር 22 የቪዲዮ አንሺው ሚስት ናት፤ በባሏ ስልክ ነው የገባችው። ማን ምን አስገባ ብላ ተነሣችበት። ልጁ የጠየቀው ስለ ፊልሙ ነው። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመሬት ግዢ ነው፤ መሳሳሙ ቅመም ነው። ቁጥር 23 ላይ የ16ቱ ሰውዬ ተቆጣ። ቤቱን ያገኘው ለዓመታት ቆጥቦ፣ በዕጣ ነው። የማንንም መሬት አልነጠቀም። ቁጥር 24 ላይ ልጁ ማንንም እንዳልወቀሰ ጻፈ። የ31 ሰዎች ለአባቱ ማታ ማታ ሻይ እንደሚያወርዱላቸው፣ እንደሚወዳቸው ነገረን። ቁጥር 25ን እኔ አጠፋሁት፤ አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። የጻፈው የ16ቱ ሰውዬ ነው፤ ቃሉ ለልጁ አይገባም ነበር። ቁጥር 26 ለምን ጠፋብኝ የሚል ነው። አሁንም አልመለስኩትም።

ቁጥር 27 ያንኑ የገና ጨዋታ ተረት ደገመው። ቁጥር 28 የብሎክ 4ቷ፣ ያቺ ስለ በረዶው ልቧ የተሰበረው፣ ተረቱ እንዳይቆጣ የሚለው ጌታውን ነው እንጂ ባለ ሜዳውን አይደለም ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ተረቱን ያነሣ የለም።

ቁጥር 29 የነርሷ ነው። እርሻው ምን እንደሆነ አላወቀችም። ወረቀቱ ሊፈረም ነበር፣ ሴትዮዋ ሳትፈርም ሄደች፣ ከዚያ ተመለሰች፣ ከዚያ ጨለመ። አጣርታ እንደምትነግረው ቃል ገባችለት። ወንድሜ ብላዋለች።

ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ሰውም የፈለገው ይመስላል። 30 እና 31 ስለ ጄኔሬተር ናቸው። ባለፈው የተዋጣው ብር የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሥቶ እንደገና ወደቀ። 32 ላይ መምህሩ የካርዱን ነገር ይዘው መጡ። እሳቸው ፖስት ካርድ የሚላክበትን ዘመን ያስታውሳሉ። በዓል ሲቃረብ ፖስታ ቤት አካባቢ አዟሪዎቹ በገመድ ላይ ደርድረው ይሸጡት ነበር። በረዶ የለበሰ ቤት፣ ጭስ ማውጫ፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ጽድ። ለባለቤታቸው ከማግባታቸው በፊት አንድ ልከውላቸው ነበር። ብልጭልጩ እየረገፈ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይገኛል። ቪዲዮ አንሺው ቁጥር 33 ላይ በዚህ ተደሰተ። ሆልማርክ ካርዱን ጨርሶ አልተወውም፤ ያንኑ ካርድ አንቀሳቅሶ፣ ሰማንያ አምስት ደቂቃ አድርጎ ሸጠልን አለ። ይኼን አባባል ወድጄለታለሁ።

34 እነዚህን ፊልሞች ሥራ ፈት ነው የሚያያቸው አለ። የ7ቱ ልጅ ሥራ ፈት መሆኑን ካመነ በኋላ በ35 መለሰለት። በ2017 ዲሴምበር ኔትፍሊክስ ራሱ ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር። አንድ የገና ፊልሙን 53 ሰዎች በተከታታይ 18 ቀን፣ በየቀኑ እንዳዩት ገልጾ ማን ጎዳችሁ ብሎ ቀለደባቸው። ተመልካቹን ይሰልላል ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሣበት። የ7ቱ ልጅ ግን ከ53ቱ ሰዎች ጋር ነው። መጨረሻውን የምታውቀው ነገር አይከዳህም ባይ ነው። እሱ ለሥራ በላከው ማመልከቻ ሁሉ መጨረሻውን አያውቅም። ማታ ማታ የሚያውቀው ቢያይ ምናለ?

36 ይቅርታ ጠየቀው።

ከ37 እስከ 52 ያለው በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። አንዷ ለምን የእኛን አንሠራም አለች፤ ሁሉም ዘሎ ገባ። ፊልሙ እዚሁ የካ አባዶ ይሁን ተባለ። ሴትዮዋ ከቦሌ ትምጣ። ለምን ትመጣለች? ቤት ኪራይ ተወዶባት። እዚህ ላይ ሳቅኩ ብሎ የጻፈ የለም። ጥድፊያው ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሁን። ብስኩቱ በድፎ ዳቦ ይተካ። ትልቁ ዛፍ በጄኔሬተሩ ቤት ጎን ያለው የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ቀድሞውንም ዘንበል ብሏል። የ3ቱ ሰንበት ተማሪ ሳይቀር ገባበት። ፊልሙ የእኛ ከሆነ በ29 ሌሊት ቅዳሴ ላይ ማለቅ አለበት፤ መሳሳም የለም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሰዉ ተስማማለት። እንዲያውም ሦስት ሽማግሌ ሲገባ ውጭ ያለው ሰው መልሱን ሲጠብቅ ከመሳሳም የበለጠ ልብ ይሰቅላል ተባለ።

አገናኛቸው ምን ይሁን የሚለው ላይ ነው የብሎክ 9 ባልና ሚስት ያልታሰበ ነገር ያወጡት። ቁጥር 44 ባልየው ነው። ፊልም መፈለግ አያስፈልግም፤ እኛው አለን አለ። እሱ ምድር ቤት ተከራይ ነበር። እሷ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣ፤ ግፊቱ ደግሞ ላይ አይደርስም። ሌሊት በፒጃማና በነጠላ፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ በሩን አንኳኳች። ቀዳላት። ተሸከመላት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ማረፉን ላለማሳወቅ ቆም ብሎ ስሟን ጠየቃት። በሳምንቱ እሱ ራሱ ቀድቶ ጠበቃት። በአራተኛው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቡና አፈላችለት።

ቁጥር 45 ሚስቲቱ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደደከመው ያን ጊዜውኑ ገብቷታል። ጀሪካኑ አንዱ ክዳን አልነበረውም፤ ደረጃውን በሙሉ እያንጠባጠበ ነው የወጣው። እሷ ጠዋት የተነሣችው ስሙን እያሰበች አይደለም፤ የጎረቤት ደረጃ ስትወለውል ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በሁለት ስልክ እንደሚጻጻፉ ስናውቅ መድረኩ ተገለበጠ። ቪዲዮ አንሺው ሰርጋቸውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ቀሪ ሂሳብ አለባችሁ ብሎ ገባ። እውነት ይሁን ቀልድ አልለየሁም። መብራቱ የመጣው እዚያ አካባቢ ነው። ነገሩን ያስታወሰው ቁጥር 1ን የጻፉት ሰውዬ ብቻ ናቸው፤ መጣ ብለው ጻፉ። 53 ነው።

ቀጥሎ ያሉት አራቱ የደህና እደሩ ናቸው።

ቁጥር 58 በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ነርሷ ናት። ቻናሉ ፊልሙን ቀን ላይ ደግሞታል። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ታካሚ የሚጠብቅበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ድምፁ ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው። ካርድ ይዛ ስታልፍ ያንን ሹራብ አየች። ቆመች። መጨረሻውን እዚያው፣ ካርዱን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ ከታካሚዎቹ ጋር አየችው። ተሳሳሙ። አንዲት እናት ሲሳሳሙ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ በቀዳዳ ግን አዩ። በረዶው ከመሳሳሙ በኋላ ነው የወረደው፤ አብሮ አይደለም። ልጅቷ በመስኮት አልነበረችም፤ በረንዳ ላይ ነበረች። ውሻው መጣ። ስካርፍ አድርጓል። አረንጓዴ ነው።

ለጥበቃው ልጅም ለብቻ ጻፈችለት። ድምፅ ስላልነበረው የተባባሉትን አልሰማችም። ነገር ግን ከመሳሳሙ በኋላ ሰውዬውና ልጅቷ በሩ ላይ የተተከለውን የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ ሲነቅሉ አይታለች። ሴትዮዋም ከአንደኛው ጎን ይዛ አግዛቸዋለች።

ቁጥር 59 ላይ ልጁ አመሰገናት። ቀጥሎ እርሻው ስንት ሄክታር ይሆናል ብሎ ጠየቀ።

የሚያውቅ አልነበረም። ፊልሙ አይናገርም።

ቁጥር 60 መምህሩ ናቸው። ስካርፉ አረንጓዴ ቢሆንም ውሻው መጥቷልና ተሸንፌያለሁ አሉ። ማኪያቶው ገና ባለፈ ማግስት፣ የብሎክ 12 ምድር ቤት ያለው ካፌ፣ አሥር ሰዓት ላይ። የ7ቱ ልጅ፣ ነርሷና የጥበቃው ልጅ እንዲመጡ። ልጁ አባቱንም ይዞ እንዲመጣ፣ ስለ ሩሩ አጠራረብ የሚጠይቋቸው ነገር እንዳለ አከሉ።

ቁጥር 61 ውሃ መጥቷል ወይ የሚል ነው። መጥቶ ነበር። ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ጀሪካኖቹን ይዤ ወረድኩ።